መርዶ በአጭር መልእክት

አባባ ለሜሳን የገደልኳቸው ሰኔ አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እሳቸው በዚያ ሰዓት ሳሪስ አቦ ግቢ ውስጥ ከጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ይህን የማውቀው ደግሞ በሰፈሩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው ከማመልከቻ ነው። መርዋ እባላለሁ፤ ቃሊቲ መንገድ ዳር ያለው የሻፊ ሱቅ የአባቴ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ አራቱንም ዓመት ሳሙናና ዘይት ስሸጥ ነው የከረምኩት። ማታ ማታ ግን ኮምፒውተር ላይ እየተጣድኩ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። በፋይናንስ ቴክኖሎጂ ማስተርስ ለመማር አምና አመለከትኩና ወደቅኩ። ያኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ብቻ ስለነበረ «ሠርተሽ ያሳየሽው ነገር የለም» ብለው መለሱኝ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ዘንድሮም ካልሆነ ሱቁን ተረከቢኝ፤ እኔም ደክሞኛል» አለኝ። አባቴ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገርም። ሱቁን አልጠላውም፤ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እዚያች ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ሽበት ሳወጣ ይታየኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሠርቼ ቀረብኩ። የሰፈራችን እድር መቶ ሰማንያ ሰባት አባላት አሉት፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ወርኃዊ መዋጮ በስልክ እንዲከፈል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለሁሉም አባል በአንድ ጊዜ አጭር መልእክት እንዲደርስ የሚያደርግ ሥርዓት ሠራሁላቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አባባ ለሜሳ ናቸው። ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን መሬት በበሬ ያረሱ ሰው ናቸው፤ አዲስ ነገር አያስደነግጣቸውም። ሥርዓቱን ወደዱልኝ። ማመልከቻው ሥራዬን በዓይኑ ካየ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅም ወደ እሳቸው ሄድኩ። «በእንግሊዝኛ ነው? እንግዲያው ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፤ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ። እዚህ አገር ደብዳቤ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ጻፍኩት፤ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ለፊርማ የቀረው የማመልከቻው ድረ ገጽ ወደ ስልካቸው የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነበር። አባባ ለሜሳ ግን በአቦ ዕለት ስልካቸውን አጥፍተው ቤት ይተዉታል። «እግዜርን ላናግር ሄጄ ሰው አያናግረኝም» ይላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጊዜ አለኝ ብዬ ነበር።

ሌላው የሚጎድለኝ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነበር፤ ሥርዓቱ ሲሠራ የሚያሳይ። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ ስለነበር ላፕቶፔን በሳሙና ካርቶኖች መሃል ዘርግቼ፣ ስልኬን ባንኮኒው ላይ አቁሜ መቅረጽ ጀመርኩ። ሥርዓቱ «የሟች ስም» የሚል ሳጥን አለው። ስም መለጠፍ ነበረብኝ፤ ለጠፍኩ። የለጠፍኩት ስም ግን ቀደም ሲል ለደብዳቤው ኮፒ ያደረግኩት ነበር፦ ለሜሳ ቢቂላ። ይህም ባልከፋ። ከሥሩ ለማን ይላክ የሚል ዝርዝር አለ፤ አንዱ «ሙከራ»፣ ሌላው «ሙሉ አባላት» ይላል። ሁለቱም በ«ሙ» ይጀምራሉ፤ ስያሜውን ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ የነበረው የራሴ ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎ ከጎናችን ፀጉር የምትሠራው የአሰለፈች ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎ ደግሞ አሰለፈች ራሷ «ውይ አባባ ለሜሳን» ብላ ጮኸች።

«አባላችን አቶ ለሜሳ ቢቂላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብር ሰዓት በኋላ ይገለጻል።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፍ እንኳ ደርሰው ይመለሱበታል፣ ይሄኛው አንዴ ከሄደ የሚመልሰው የለም። ቶሎ ብዬ «ስህተት ነው፣ አቶ ለሜሳ በሕይወት አሉ» የሚል መልእክት ጻፍኩና ልልክ ስል ስክሪኑን አየሁት። አስቀድሜ የገዛሁት የመልእክት ጥቅል ተሟጧል፤ ቀሪ ዘጠኝ ይላል። ዘጠኝ መልእክት ይዤ መቶ ሰማንያ ሰባት ሰው ላስተባብል ነው። ወደ ውጭ ሮጬ ለአሰለፈች ነገርኳት። መሐረቧን ከዓይኗ ሳታነሳ ለአባባ ለሜሳ ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም» ሲላት አየችኝ። እስከ ዛሬ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ጋሽ ወልደሰንበት የመጡት ይህን ጊዜ ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ጥሩምባ እየነፉ ያወጁት እሳቸው ናቸው። በእኔ ሥርዓት ምክንያት ከመስከረም ጀምሮ እንዲሰናበቱ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ተወስኗል። ከዚያ ወዲህ በሱቃችን በር ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ እኔ ግን ዕቃ የማስተካክል እመስልና አጎነብሳለሁ። ዛሬ ጥሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው ቀጥ ብለው ገቡ።

«ለሜሳ መቼ አረፈ?» አሉኝ። «ትናንት ማታ አብሬው አምሽቻለሁ።»

ልዋሽ አልኩ፤ የምዋሸው ግን ጠፋኝ። «አልሞቱም ጋሼ። ሳሪስ አቦ ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳቸው።

ይሰድቡኛል፣ ወይም ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው አመድ ሆነ። «ዲንቄን ማን ነገራት?» አሉ።

እማማ ዲንቄ የአባባ ለሜሳ ታላቅ እኅት ናቸው። እናታቸው ስትሞት አባባ ለሜሳን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ፣ አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሴት ናቸው። ዝርዝሩን ገልጬ አየሁ። መቶ አሥራ አራተኛው ቁጥር የእሳቸው ነው። ከጎኑ «ደርሷል» ይላል።



«ስሚ» አሉኝ ጋሽ ወልደሰንበት። «እኔ ጥሩምባ ስነፋ በሟች ዘመድ ደጅ አላልፍም። ዙሬ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ገብተው ያስቀምጡታል፣ ውኃ ያጠጡታል፣ ቀስ ብለው ያረዱታል። ከዚያ ነው የኔ ድምፅ በዚያ መንገድ የሚሰማው። ያንቺ ማሽን ለማን በመጨረሻ እንደሚነገር ያውቃል?»

አያውቅም። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል ብዬ ማመልከቻው ላይ የፎከርኩበት ይኸው ነው።

እማማ ዲንቄ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ከቀሩኝ ዘጠኝ መልእክቶች አንዱን ልላክላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ የመጀመሪያውን ገና ካላዩት ሁለተኛው ሲጮኽ ያዩታል። ሱቁን ለአሰለፈች ሰጥቼ ከጋሽ ወልደሰንበት ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የሰኔ ጭቃ ባጃጁን እያንሸራተተው ሾፌሩ ቀስ ሲል በሆዴ እሰድበዋለሁ፤ ሲፈጥን ደግሞ እንዳንደርስ እመኛለሁ። ብንደርስና ወድቀው ብናገኛቸውስ? ማመልከቻው እስካሁን ከሐሳቤ አልጠፋም ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ሴትዮዋ ይሞቱ ይሆን እያልኩ እዚያው ደግሞ ደብዳቤውስ እላለሁ። በራሴ አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን ሐሳቡን አላስቆመውም።

«ጋሼ፣ ለምን ጥሩምባውን ነፍተው በሕይወት አሉ ብለው አያውጁም?» አልኳቸው። ሞኝነቴ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይኼ ጥሩምባ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉኝና በኮታቸው ሸፈኑት።

ከእማማ ዲንቄ ብሎክ ራቅ ብለን ወረድን። ጋሽ ወልደሰንበት ከግንቡ ሥር ቆሙ። «እኔ እሷ በር ላይ ከታየሁ ሌላ መርዶ አያስፈልግም። አንቺ ውጪ። የሆነ ነገር ልትበደሪ የመጣሽ አስመስለሽ አንኳኪ» አሉኝ። ወጣሁ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ደረጃው ላይ የሆነ ሰው እርጥብ ጀሪካን ደርድሯል። ስንት ነበሩ ብትሉኝ እስከ ዛሬ አውቃለሁ፤ ሰባት ናቸው።

በሩ ጋ ደርሼ እጄን አነሳሁ። በር ማንኳኳት እንዴት እንደሆነ ጠፋኝ። ጠንከር ባደርገው መርዶ ይመስላል፤ ላላ ባደርገውም የባሰ መርዶ ይመስላል። ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግሁና «እማማ ዲንቄ፣ መርዋ ነኝ፣ የሻፊ ልጅ» አልኩ። መልስ የለም። ገፋ ሳደርገው በሩ ተከፈተ።

እማማ ዲንቄ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሶፋው ላይ የነበሩትን ትራሶች አውርደው በግድግዳው ዙሪያ ደርድረዋል፤ ለለቀስተኛ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አላለቀሱም። ዓይናቸው ደረቅ ነው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ወልደሰንበትን በመስኮት አይቼዋለሁ።»

እዚያው በርከክ አልኩ። «አልሞቱም እማማ! በአላህ እምላለሁ፣ አባባ ለሜሳ አልሞቱም፤ ደህና ናቸው። መልእክቱን በስህተት የላክሁት እኔ ነኝ፤ እኔ» አልኩ።

እማማ ዲንቄ በኀዘኔታ አዩኝ። ያዘኑት ለእኔ ነበር። «ይሁን ልጄ» አሉ። «እናቴ ስትሞትም ደህና ናት ትንሽ አሟት ነው ብለው ነው የጀመሩት። ባሌንም እንዲሁ። መርዶ ሁልጊዜ አልሞተም ተብሎ ነው የሚጀመረው። ሌሎቹስ የት ቀሩ? ይግቡ፤ ጨርሱልኝ።»

ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ምን ብል እውነት እንደሚመስል አላውቅም፤ የምለው ሁሉ የመርዶ መጀመሪያ ነው። አልሞቱም ብል መርዶ፣ ዝም ብል መርዶ፣ ባለቅስ መርዶ። ማልቀስ ደግሞ ጀምሬያለሁ። የእማማ ዲንቄ ከንፈር ሲነጣ፣ አንድ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲሄድ አየሁ። በመስኮት ብቅ ብዬ «ጋሼ ይምጡ!» ብዬ ጮኽኩ። የሚሠራውን የማያውቅ ሰው ጩኸት ነበር።

ጋሽ ወልደሰንበት እያለከለኩ ገቡ። ሲያዩዋቸው እማማ ዲንቄ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ወልደሰንበት ግን ሰላምታም ሳይሰጡ፣ ጠጋም ሳይሉ፣ ጥሩምባቸውን ከኮታቸው አውጥተው ወለሉ ላይ በአፉ ደፉት። ከጎኑም ተቀመጡ።

«እትዬ ዲንቄ፣ ዓይንሽን ግለጪና እዪኝ። ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አራት ሰዓት አልፏል። ለሜሳ ቢሞት ኖሮ በአራት ሰዓት እኔ የት ነበርኩ?»

እማማ ዲንቄ ዓይናቸውን ገለጡ። ጥሩምባውን አዩት፤ ከዚያ ሰውዬውን።

«ጎዳና ላይ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጎዳና ላይ። የእድሩ ሰብሳቢ ሞቶ እኔ ሰው ቤት ጥሩምባ ደፍቼ እቀመጣለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሳደርግ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ሥራ ፈት ሆኜ ነው የመጣሁት። ዛሬ ማንም አልሞተም።»

«ማልልኝ።»

«ዕለቱ አቦ ነው። በአቦ ምዬ አልዋሽም።»

እማማ ዲንቄ አለቀሱ። ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ጋሽ ወልደሰንበት ግን እጃቸውን አወዛውዘው ተያት አሉኝ። ትንሽ ቆይተው እማማ ዲንቄ ተነሱና የዱቄት ጣሳ ከፍተው ስልካቸውን ከውስጡ አወጡ። እዚያ የከተቱት እየጮኸ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። «ማን ደፍሮ ያነሳል» አሉ ዱቄቱን እያራገፉ። «በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠርኩት። አንድ አንድ ፊደል እያልኩ ነው ያነበብኩት። ለ አልኩ። ሜ አልኩ። ሳ ስል ተውኩት፤ ከዚያ ደግሞ ቀጠልኩ።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም። ስድብ ቢሆን እቀበለው ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ያው ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «ለሜሳ» ይላል። ማንም አልነካውም፤ እማማ ዲንቄ ራሳቸው አነሱት። አባባ ለሜሳ ቤታቸው ሲደርሱ በራቸው ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው ጠፍቷል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት» ሲሉ ድምፃቸው እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። እማማ ዲንቄ «ና፤ በዓይኔ ልይህ» ብቻ ብለው ዘጉ።

ስምንት ሰዓት ላይ አባባ ለሜሳ መጡ። እኅታቸው ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ ጆሯቸውን ሳይቀር ዳሰሱ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ስለ ደብዳቤው አፌን አልከፍትም ብዬ ቆርጫለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ሱቁ ይወርሰኝ አልኩ። ከዚህ በኋላ በየትኛው ዓይኔ ነው የምጠይቃቸው?

ራሳቸው ጠየቁ። «ያ ወረቀትሽ ዛሬ አይደለም እንዴ ቀኑ?»

«ነው አባባ።»

«ሬሳ ይፈርማል?» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም። «አምጪውና አንብቢልኝ። በአማርኛ።»

ስልኬን አውጥቼ ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነበብኩ። መርዋ ሻፊን አውቃታለሁ ይላል፤ ትጉህ ናት ይላል። «የሠራችው ሥርዓት እስካሁን አንድም ስህተት ሳይሠራ እድራችንን እያገለገለ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ይህቺን አውጪ» አሉ። «በምትኳ እኔ የምልሽን ጻፊ። ዛሬ ጠዋት በስህተት ሞትህ ብላ አወጀችብኝ። መርዶዬን ለእኅቴ በስልክ ላከችባት፤ እኅቴ ልትሞትብኝ ነበር። ጻፍሽ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«ከዚያ ግን አልተደበቀችም። ራሷ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ይኸው ነው።»

ጋሽ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩምባ ነፊው ከመስከረም በኋላም ሥራው ላይ ይቆያል የሚል ጨምሪበት።» አባባ ለሜሳ አየት አደረጓቸውና «ጨምሪ» አሉኝ።

እዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚያነብ ከእኔ በቀር የለም። ከዚያች ጠዋት የበለጠ የፈራሁት ይህን ጊዜ ነው። «ልትሞትብኝ ነበር» የሚለውን «ደነገጠች» ብዬ ባልፈው ማን ያውቃል? ይህን አንብቦ የሚቀበለኝ ዩኒቨርሲቲስ የት አለ? ከፊደሎቹ ቀና አልኩ። እማማ ዲንቄ እያዩኝ ነበር፤ እጃቸው ላይ ገና ዱቄት አለ። አንድ አንድ ፊደል እያልኩ፣ እንዳሉኝ ጻፍኩት። ጨርሼም ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ አባባ ለሜሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማረጋገጫው ቁጥር ስልካቸው ላይ መጣና ነገሩኝ። ቪዲዮውንም ሌላ አልቀዳሁም፤ የጠዋቱን እንዳለ፣ ከአሰለፈች ጩኸት ጋር አያያዝኩት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ላክሁ።

ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። አነበብኩት።

«ምን ይላል?» አሉ አባባ ለሜሳ።

«ማመልከቻሽ ደርሶናል ይላል። ውጤቱን በአጭር መልእክት እናሳውቅሻለን ይላል።»

ጋሽ ወልደሰንበት ጥሩምባቸውን አንስተው አፉን በእጅጌያቸው መጥረግ ጀመሩ። እማማ ዲንቄ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ።

«መርዋ» አሉ። «ሲመጣ ብቻሽን አታንብቢው። መጀመሪያ ቁጭ በይ።»